ጥበበኛው ማን ነው? በሰንጠረዡ እህል ተረት ላይ የቀረበ ሂስ

ሰንጠረዥ የሚባለውን ጨዋታ ስለ ፈለሰፈው ጠቢብ የሚነገረውን ተረት ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ይመስለናል። በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ፣ የሒሳብ መምህር የተማሪዎቹ ዓይን መከደን ሲጀምር ከሚያነሣቸው ወጎች አንዱ ይኸው ነው። አንድ የህንድ ንጉሥ በጨዋታው እጅግ ተደስቶ ጠቢቡን «የወደድከውን ጠይቀኝ» ይለዋል። ጠቢቡ ወርቅ አልፈለገም፤ ርስትም አልጠየቀም። በሰንጠረዡ በመጀመሪያው ቤት አንድ ቅንጣት ስንዴ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ ቤት በቤት እየታጠፈ እስከ 64ኛው ቤት ድረስ እንዲሰጠው ብቻ ለመነ። ንጉሡ «ይህችው ናት?» ብሎ ሳቀበት። ጸሐፊዎቹ ሊያሰሉ ተቀመጡ፤ የመንግሥቱ ጎተራ ሁሉ ቢገለበጥ እንደማይበቃ ደርሰውበት ነገሩት። ተረቱም በዚህ ያበቃል። ሰሚው ይስቃል፤ ንጉሡ ሞኝ፣ ጠያቂው ጥበበኛ ሆነው ይቀራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ልንሞግተው የፈለግነው ይህንኑ ፍርድ ነው። ለመሆኑ በዚህ ተረት ውስጥ ጥበብ የቱ ላይ ነው? አንዱ የሚያውቀውን፣ ሌላው የማያውቀውን ነገር ለውል ማቅረብ ጥበብ ነው ወይስ ማጥመድ? ጥያቄው የጨዋታ እንዳይመስል። በቡና አገር ለሚኖር፣ በክረምት ተበድሮ በመኸር ለሚከፍል ሰው ይህ ተረት ተረት ብቻ አይደለም። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ቁጥሩን ራሱን ቀርበን እንየው፤ የተረቱ አንዱ ጉድለት ቁጥሩን ሳያሳየን ማስደነቁ ነውና።

ቁጥሩ እና የታጠፈበት መንገድ

በ64ቱ ቤቶች የሚቀመጠው ቅንጣት ሲደመር 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናል። ሃያ አኃዞች አሉት። ይህን ቁጥር ጽፈው ካስቀመጡልን ቀደምት ሊቃውንት መካከል አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ (እ.ኤ.አ. 973-1048) ይገኙበታል። «አል-አሳር አል-ባቂያ» በተባለው፣ የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር በመረመሩበት መጽሐፋቸው ስሌቱን አስፍረውታል። ያን ጊዜ የሒሳብ መኪና የለም። ታዲያ 64 ጊዜ እያጠፉ፣ 64ቱንም ውጤት እየደመሩ ነው የደረሱበት? አይደለም። አቋራጩ መንገድ ቁጥርን በራሱ ማባዛት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሦስተኛው ቤት 4 ቅንጣት አለ። 4ን በራሱ ብናባዛ 16 ይሆናል፤ ይህም የአምስተኛው ቤት ነው። 16 በራሱ ሲባዛ 256፣ ይህም የዘጠነኛው ቤት ነው። 256 በራሱ ሲባዛ 65,536፣ የ17ኛው ቤት ነው። 65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296፣ የ33ኛው ቤት ነው። ይህም በራሱ ሲባዛ በሰንጠረዡ ላይ ወደሌለው፣ በሐሳብ ብቻ ወደምናስቀምጠው 65ኛ ቤት ያደርሰናል። አሁን አንድ መቀነስ ብቻ ይቀራል። ምክንያቱም ከአንድ ጀምሮ የታጠፉ ቁጥሮች ድምር ዘወትር ከሚቀጥለው ቤት በአንድ ያነሰ ነው፤ 1 እና 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ናቸው፣ ቀጣዩ ቤት 8 ነው። በጥቂት ማባዛትና በአንድ መቀነስ ሥራው ሁሉ አለቀ። አንባቢ ሆይ፣ ጥበብ የምንለው ይህን ነው፤ ከባዱን ነገር ለሁሉም የሚታይ፣ ማንም ተከትሎ ሊያረጋግጠው የሚችል ማድረግ።

ይህ መንገድ የቁጥሩን አካፋዮችም ገልጦ ያሳየናል። ማናቸውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት፣ ውጤቱ ከቁጥሩ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ሲባዙ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። 16 በ16 ሲባዛ 256 ነው፤ አንድ ቢቀነስ 255፤ ይህም 15 በ17 ነው። በዚህ መንገድ ትልቁ ቁጥራችን የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257፣ የ65,537 እና የ4,294,967,297 ብዜት ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፈርማ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ17ኛው ምዕተ ዓመት አምስቱን አይቶ ስድስተኛውም፣ ከዚያም በኋላ የሚመጡት ሁሉ እንዲሁ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1732 ኦይለር የተባለው የስዊስ ሊቅ ስድስተኛው በ641 እንደሚካፈል አሳየ፤ ሌላው አካፋይ 6,700,417 ነው። አምስት ጊዜ እውነት ሆኖ የታየ ነገር በስድስተኛው ሊከዳ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ሌላም ባሕርይ አለው። ከ64ቱ ቤቶች አንዱን በመውሰድ ሌላውን በመተው ከ1 እስከዚህ ትልቅ ቁጥር ያለውን ማናቸውንም ቁጥር ማግኘት ይቻላል፤ ያውም ለእያንዳንዱ በአንድ መንገድ ብቻ። 100 ብንል ሰባተኛው፣ ስድስተኛውና ሦስተኛው ቤት ናቸው፤ 64፣ 32 እና 4። የዛሬው ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በ64 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥርም ይኸው የሰንጠረዡ ቁጥር ነው።

ማጠፍ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚል ስም የወጣለት ዘዴ አለ፤ በጥንት ግብጽም ተቀራራቢው ይሠራበት ነበር። ማባዣ ሠንጠረዥ ያላጠና ሰው ማጠፍና ማጋመስ ብቻ በማወቅ ማናቸውንም ብዜት ይሠራል። 23 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ ነው? ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው። በግራ 23ን ማጋመስ፣ ትርፉን መጣል፤ 23፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ 17ን ማጠፍ፤ 17፣ 34፣ 68፣ 136፣ 272። በግራ ጎደሎ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች በቀኝ በኩል መደመር፤ 17 እና 34 እና 68 እና 272። ድምሩ 391 ኪሎ ነው። እነሆ፣ ማጠፍ እዚህ ላይ የገበያተኛው አገልጋይ ነው። ኋላ ጌታው ሲሆን እናየዋለን።

የእስክንድርያው ሒሳብ ሠራተኛ

ተረቱን ከጻፉልን የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ኢብን ኸሊካን (እ.ኤ.አ. 1211-1282) ናቸው። በታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገባቸው ውስጥ ታሪኩን ካነሡ በኋላ እርሳቸው ራሳቸው ነገሩን ተጠራጥረው እንደ ነበር፣ እስክንድርያ ላይ ያገኙት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ግን እንዳሳመናቸው ይናገራሉ። ሰውየው ያሳመናቸው በትልቅ ቁጥር አስደንግጦ አይደለም። ቅንጣቱን በአንድ መስፈሪያ አስገባ፤ መስፈሪያውን እያጠፈ ወደሚበልጠው መስፈሪያ፣ ከዚያም ወደ ጎተራ አደረሰው። በ50ኛው ቤት 1,024 ጎተራዎች ያሏት አንዲት ከተማ ሆነ። በ64ኛው ቤት 16,384 እንዲህ ያሉ ከተሞች ሆኑ። በምድር ላይ ይህን ያህል ከተማ ከየት ይመጣል?

የዚያን ሰው ስም ታሪክ አላቆየልንም። እኛ ግን ከተረቱ ጠቢብ ይልቅ እርሱን እናከብራለን። ጠቢቡ ቁጥሩን ሰውሮ ንጉሡን አሸነፈ፤ የእስክንድርያው ሰው ቁጥሩን ገልጦ ሊቁን አስተማረ። ኢብን ኸሊካንም ከሒሳብ ሠራተኛ መማሩን አላፈሩበትም፤ ጽፈው አቆዩልን።

በእርሱ መንገድ የኢሉባቦርን ቡና በሰንጠረዡ ላይ እናስቀምጥ። አንድ የተፈለፈለ ፍሬ ቡና 13 መቶኛ ግራም ይመዝናል እንበል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቤቶች 1,023 ፍሬ ይገባል፤ 133 ግራም ያህል ነው። ሁለት ጊዜ ተቆልቶ ቢፈላ ያልቃል። በ18ኛው ቤት ላይ ያለው አንድ ፈረሱላ ሆነ። በ28ኛው ቤት 1,024 ፈረሱላ፣ ማለት 174 ኩንታል፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሞላ። ሰንጠረዡ ሲጋመስ፣ ማለት 32 ቤቶች ሲሞሉ፣ ድምሩ 5,583 ኩንታል ገደማ ነው፤ ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ይህም የሚቻል ነው። እስከዚህ ድረስ ንጉሡ አልተሳሳተም! በ43ኛው ቤት ላይ ያለው ብቻ 570,000 ቶን ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት አገራችን በሙሉ በዓመት ከምታመርተው ከግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ቡና በለጠ። በ48ኛው ቤት ላይ ያለው 18 ሚሊዮን ቶን አለፈ፤ የዓለም የዓመት ምርት 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ገና 16 ቤቶች ይቀራሉ። የጠቅላላውን ቡና ለመክፈል ዓለም በዛሬው መጠን እያመረተ 240,000 ዓመት ያህል አንዲት ሲኒ ሳይጠጣ መቆየት አለበት።

የማጠፍ ነገር የሚያታልለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መጨረሻው አያታልልም፤ መጨረሻውን ያየ ሁሉ ይሸሻል። የሚያታልለው መጀመሪያው ነው።

ቁጥር ማስረጃ እና ቁጥር ጣዖት

ትልቅ ቁጥርን በማስደነቅ ብቻ መናገር ሌላ ጣጣም አለው። የተደነቀ ሰው ማሰላሰሉን ትቶ ምልክት መፈለግ ይጀምራል። አንድ ጎበዝ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ይህ ቁጥር በ5 ይካፈላል፣ የእስልምና ማዕዘናትም 5 ናቸው። በ17 ይካፈላል፣ የአንድ ቀን የፈርድ ሶላት ረከዓም 17 ነው፤ ፈረሱላውም 17 ኪሎ ነው! ስለዚህ የቡናው በረከት በሰንጠረዡ ተጽፏል»። እያንዳንዱ አኃዝ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ባዶ ነው። ቁጥሩ በ17 የሚካፈለው 16 በራሱ ተባዝቶ አንድ ስለ ተቀነሰ ነው እንጂ ስለ ሌላ ነገር አይደለም። ገጣጣሚ ለፈለገ ሰው ገጣጣሚ አይጠፋም።

ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ረሻድ ኸሊፋ የተባለ ትውልደ ግብጽ የባዮኬሚስትሪ ምሁር ቁርአን በ19 ቁጥር የተሰናሰለ ነው ሲል ይፋ ባደረገ ጊዜ ብዙ ወጣት በደስታ ተቀብሎት ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ? ቆጠራው አልገጥም ሲለው ከሱረቱ አት-ተውባህ የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች ከቁርአን አይደሉም እስከ ማለት ደረሰ። ቁጥሩ የመጽሐፉ ምስክር እንዲሆን ተጠርቶ የመጽሐፉ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ዑለማእ አስተባበሉት፤ ይገባልም። ፈርማን አምስት ምሳሌዎች እንዳሳሳቱት፣ ይህንንም የተገጣጠሙለት ጥቂት ድምሮች አሳሳቱት። ልዩነቱ፣ የፈርማን ስህተት አንድ ሰው በ641 አካፍሎ ዘጋው፤ ሃይማኖት ላይ የሚደርስ ስህተት ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። የሰንጠረዡን ቁጥርም በ19 የሚያካፍል ቢኖር 16 ይተርፈዋል። ይህም አንዳች ነገር አያመለክትም።

ጠቢቡ በገበያችን ውስጥ

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን እንመለስ። የንጉሡና የጠቢቡ ስምምነት በሸሪዓ ዓይን ቢመዘን ምን ይባላል? አንደኛው ወገን የገባለትን ነገር መጠን አያውቅም፤ ሊያስረክበውም አይችልም። ፉቀሃእ «ገረር» የሚሉት፣ ድብቅነትና አደጋ ያለበት ነገር ይኸው ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ መጠኑን እያወቀ ዝም አለ። ታዲያ በየትኛው ሚዛን ነው ይህን ሰው ጥበበኛ ብለን ለልጆቻችን የምናስተምረው?

ይህ ሰው ህንድ ውስጥ አልቀረም። በቡና አገር ዘመኑን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ቡና የሚለቀመው በመኸር ነው። ክረምቱ ግን ረጅም ነው፤ እህል ያልቃል፣ ልጅ ይታመማል፣ የትምህርት ቤት ወጪ ይመጣል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ይመጣና ከመቶ አሥር በወር ብቻ ይላል። «ይህችው ናት?» ይላል ተበዳሪውም፤ ልክ እንደ ንጉሡ።

ቤት በቤት እንቁጠርለት። አንድ ሺህ ብር በወር ከመቶ 10 ቢታሰብበት፣ ያልተከፈለውም ወለድ በዋናው ላይ እየተደረበ ቢሄድ፣ በስምንተኛው ወር ከ2,143 ብር ይበልጣል። ይህ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። በዓመቱ 3,138 ብር፣ በሁለተኛው ዓመት 9,850 ብር፣ በሦስተኛው 30,912 ብር፣ በአምስተኛው ዓመት 304,000 ብር አለፈ። ከስድስት ዓመት ጥቂት ፈቀቅ ሲል ከሺህ እጥፍ በላይ ሆነ፤ ከሰንጠረዡ አሥራ አንደኛው ቤት ደረሰ ማለት ነው። ማንም አራጣ አበዳሪ 64ኛው ቤት ድረስ አይጠብቅም። ከዚያ በፊት የቡና ማሳው፣ በሬው፣ ቤቱ ይበቃዋል። በተረቱ የንጉሡ ጎተራ እንዳልበቃ ሰምተን ስቀናል፤ የገበሬው ጎተራ ባልበቃ ጊዜ ግን የሚስቅ የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አል-ዒምራን 130ኛ አንቀጽ ምእመናንን ስለ አራጣ ሲከለክል ይህንኑ መነባበሩንና መደራረቡን ለይቶ መጥቀሱን ልብ እንበል። በጃሂሊያ ዘመን የብድሩ ቀን ሲደርስ አበዳሪው ተበዳሪውን ወይ እንዲከፍል ወይ እንዲጨምር ያስመርጠው ነበር፤ መክፈል ላልቻለ ሰው ምርጫው አንድ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ያልተደራረበ አራጣ ተፈቀደ ማለት እንዳይመስል፤ የሱረቱል በቀራህ አንቀጾች ከዋናው ገንዘብ በላይ ያለውን ሁሉ አስቀርተዋል፤ 280ኛው አንቀጽም የተቸገረ ተበዳሪ እስኪሻለው ጊዜ እንዲሰጠው፣ ምሕረት ቢደረግለትም የበለጠ መሆኑን ያስተምራል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በስንብት ሐጃቸው የጃሂሊያን አራጣ ሲሽሩ የጀመሩት ከገዛ አጎታቸው ከዐባስ ነው። የአገራችንም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ብሎታል። በወር ከመቶ 10 የሚያበድር ሰው ከሁለቱም ሕግ ፊት ጥፋተኛ ነው።

«ታዲያ የቸገረው ገበሬ ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ የግድ ነው፤ ተገቢም ነው። መከልከል ብቻ ጎተራ አይሞላም። ቡናውን በአበባው ሳለ ከነዛፉ መሸጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ መድረሱ ሳይታይ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ እርሱም ያው የማይታወቅን ነገር መዋዋል ነው። ግን በዚሁ ሸሪዓ «ሰለም» የሚባል በር ተከፍቷል። ገዢው ዋጋውን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ሻጩ ጥራቱና ክብደቱ የታወቀ ቡና፣ በታወቀ ቀን ያስረክባል። እገሌ ዛፍ፣ እገሌ ማሳ አይባልም፤ የታወቀ ክብደት፣ የታወቀ ጊዜ ነው። ከሰንጠረዡ ውል ጋር አስተያዩት። እዚያ ሁሉም ነገር የተሰወረ ነው፤ እዚህ ሁሉም ነገር የተቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አገራችን ከወለድ ነፃ የሆኑ ሙሉ ባንኮችም አሏት። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ሰውን አያድንም፤ የትኛውም ውል ላይ የሚፈርም ሰው በመጨረሻው ቀን ጠቅላላ ስንት እንደሚከፍል በራሱ እጅ አስልቶ መጻፍ አለበት። ማስላት ያልቻለ የሚችል ልጁን ይጥራ። መስጊድ ያለበት ሰፈር ውስጥ አንድ የሒሳብ ተማሪ አይጠፋም።

መምህራኖቻችንን የምንለምነውም ይህንኑ ነው። ተረቱን አትተዉት፤ ቁጥሩ ውብ ነው፤ አካፋዮቹም፣ የሚገኝበትም መንገድ ውብ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ጨምራችሁ ንገሩት። ንጉሡ ከመሳቁ በፊት «ቆይ፣ ጸሐፊዎቼ ያስሉት» ቢል ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ተማሪዎቹን ጠይቋቸው። ከዚያም ጠመኔውን ሰጥታችሁ የአንድ ሺህ ብሩን ብድር በሰሌዳው ላይ ወር በወር እንዲያስሉ አድርጉ። ያ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ አባቱ ሊፈርም ያስቀመጠውን ወረቀት አንብቦ «አባዬ፣ ይህ እኮ በዓመቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል» ካለ፣ በዚያ ቤት ጥበበኛው እርሱ ነው።

ወላሁ አዕለም።